«ስልሳ ዓመት የሠራ መስመር ነው፤ አትንኩት» ለተባለችው እህቴ

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔና ባለቤቴ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆጥበን፣ ጎደሎውን ከዘመድ ተበድረን፣ ጉለሌ አካባቢ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ገዛን። የሻጩ አባት በ1952 ዓ.ም. ያሠሩት ነው። ከገባን ሁለት ወራችን ነው። ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ ማድ ቤቱ ከጓሮ ለብቻው ነው። ችግሬ መብራቱ ነው። ምጣድ ስሰካ የሳሎኑ አምፖል ይደበዝዛል። የምጣዱ ሶኬት ዙሪያው ጠቁሯል፤ ሁለት ሦስት እንጀራ ካወጣሁ በኋላ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል። ሊጥ ሳዞር ክንዴን ይነዝረኛል። አማቴ “ምጣድ ድሮም ይነዝራል፤ ሳንቃ ላይ ቁሚ” ይሉኛል። ቀለም ቀቢው የሳሎኑን ኮርኒስ ገለጥ ሲያደርግ ጨርቅ የለበሱ ሽቦዎች አየን። ቆጣሪው ሥር ያለው ባለ 20 አምፔር ብሬከር ምጣድና ስቶቭ ሲገጥሙ እየወረደ አስቸገረንና አንድ ኤሌክትሪሽያን ጠራን፤ “በ40 ቀይሩት፣ ይገላግላችኋል” አለን። የባለቤቴ አጎት ደግሞ “ስልሳ ዓመት የሠራ መስመር ነው፤ አትንኩት” ይላሉ፤ እርሳቸውን መቃወም ለባለቤቴ ይከብደዋል። በእጃችን ያለው ገንዘብ ለጂፕሰም ኮርኒስና ለቀለም ያስቀመጥነው ነው። ምኑን እናስቀድም? እስከዚያስ ልጆቼን እዚህ ቤት ማሳደሬ ልክ ነው?»

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቆጥቦ የራስ ደጃፍ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ መጀመሪያ ተነሺና ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አውርጂ፤ ከዚያ ምጣዱን ከጠቆረው ሶኬት ንቀዪ። ማንም ተመልሶ እንዳይሰካበት ሶኬቱን በናስትሮ ሸፍኚው፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለአማትሽም ጭምር፣ እንደማይነካ ንገሪ። አዲስ መስመር እስኪገባለት እንጀራ ግዙ፣ ወይም ጎረቤት ጋግሪ፣ ማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ካለውም በማገዶ ጋግሪ። የሁለት የሦስት ሳምንት ችግር ነው፤ ይቻላል። ደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ «ክንዴን ይነዝረኛል» ያልሽው ነው።

አማትሽ ክፉ አልመከሩሽም። የኖሩበትን ነው የነገሩሽ። የእኔም እናት ማድ ቤታችን ውስጥ አንዲት የባሕር ዛፍ ሳንቃ ነበረቻት፤ ዳር ዳሯ ሊጥ ጠጥቶ የደረቀ፣ መሐሏ በእግር ብዛት የጎደጎደ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ኮንጎ ጫማዋን ታጠልቅና ሳንቃዋ ላይ ወጥታ ትጋግር ነበር። ልጅ ሳለሁ ሳንቃዋ እንደ ሰፌዱና እንደ ማሰሻው የምጣድ ዕቃ ትመስለኝ ነበር። ለምን እንደምትቆምባት የገባኝ ሙያውን ከተማርኩ በኋላ ነው፤ ያን ቀን እናቴን ስንት ጊዜ ለሞት አጋፍጠናት እንደነበር አስቤ ዘገነነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምጣዱ ሸክላ ከሥሩ እንደ ጥምዝ ቦይ ይቦረቦራል፤ የሚግለው ሽቦ እዚያ ውስጥ ይተኛና በጀሶ ይደፈናል። ሸክላው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካበጀ የሊጡ ውሃ በዚያች ይሰርግና ሽቦው ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ከረንቱ በሊጡና በብረት ክፈፉ በኩል ወደ መሬት መውረጃ ይፈልጋል። ቤቱ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ቢኖረው በዚያ ይወርድ ነበር። ስለሌለው በአንቺ በኩል ይወርዳል። ሳንቃው ከረንቱን አያጠፋውም፤ መንገዱን ብቻ ይዘጋበታል። ወለሉ የረጠበ ቀን፣ ወይም በአንድ እጅሽ ሊጥ እያዞርሽ በሌላው የቧንቧውን ብረት የያዝሽ ቀን፣ ሳንቃው አያድንሽም። የ220 ቮልት ከረንት በደረት በኩል ካለፈ ልብ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ መስመሩን ስታስጠግኑ ምጣዱም አብሮ ይታይ፤ ሸክላው ተሰንጥቆ ከሆነ ይለወጥ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ አጎት ልምጣ። እርሳቸው የሚሉት ግማሹ እውነት ነው፤ ይህን የምለው ለማስታረቅ ብዬ አይደለም። በዚያ ዘመን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሽቦውን በነጭ ሸክላ ጉብጉብ ላይ ከእንጨቱ አርቀው ይዘረጉ ነበር። መጋጠሚያውን አጥብቀው ገምደው በእርሳስ ይበይዱት ነበር። ዛሬ ሁለት ሽቦ አጠማዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ኮርኒስ ውስጥ ወርውሮ ከሚሄደው ሰው ሥራ የእነርሱ ይበልጣል። አጎትየው የሚያደንቁት የአባቶቻቸውን እጅ ነው፤ አድናቆቱም ይገባል።

ሥራው ግን ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ የነበረው ጭነት ምን ነበር? አራት አምፖል፣ እያንዳንዱ 60 ዋት ቢሆን 240 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ አንድ አምፔር ገደማ። እንጀራው በማገዶ ነው፣ ውሃው በምድጃ ነው የሚፈላው። ያንቺ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ይስባል። ያው ሽቦ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ተሸከመ ማለት ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ያድጋል፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ዐሥራ ስድስት እጥፍ ሲሆን ሁለት መቶ ኀምሳ ስድስት እጥፍ። አጎትየው «ስልሳ ዓመት ሠርቷል» ሲሉ፣ ስልሳውን ዓመት ይሠራ የነበረው ሌላ ሥራ ነው።

የአምፖሉ መደብዘዝም ይህንኑ ነው የሚነግርሽ። ምጣዱ ሲበራ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ማድ ቤት 220 መድረስ የነበረበት 200 ሆኖ ቢደርስ፣ የጎደለው 20 ቮልት በ16 አምፔር ተባዝቶ 320 ዋት ይሆናል። ያ ሁሉ በሽቦውና በየመጋጠሚያው ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አምስት ባለ 60 ዋት አምፖል ኮርኒስሽ ውስጥ ተሸፍኖ እንደበራ ቁጠሪው። የሶኬቱ መጥቆር ደግሞ የላላ ቡሎን ሥራ ነው፤ ሽቦው ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ ሲሰፋና ሲጠብ፣ ቡሎኑ ይላላል፤ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። የሸተተሽ ላስቲክ የሶኬቱ ሆድ ነው።

በዚህ ሙያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከገባሁባቸው ኮርኒሶች አንዱን ልንገርሽ፤ የካ በኩል ያለ እንደ እናንተው ያለ የጭቃ ቤት ነው። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር፣ በኖራ የተቀባ። መሰላል አቁሜ በባትሪ ሳበራ የስልሳ ዓመት ጥቀርሻና አቧራ፣ የአይጥ ኩስ፣ በመሐሉ ጨርቅ የለበሰው ሽቦ። ያኔ የሽቦው አሠራር መዳቡ ላይ ጎማ፣ ጎማው ላይ የጥጥ ሹራብ ነበር። መዳቡ አያረጅም። ጎማው ነው የሚያረጀው። ሽቦውን በሁለት ጣቴ ቀና ሳደርገው ልብሱ እንደ ድርቆሽ ተሰባብሮ እጅጌዬ ላይ ረገፈ። ስንዝር የሚያህል እርቃኑን የወጣ መዳብ ወራጁ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው የባሕር ዛፍ እንጨት በመዳፍ ልክ ከሰል ሆኗል። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ እንደ ባለቤትሽ አጎት «አትንኩት» ባይ። «እስቲ ውጡና ይዩት» አልኳቸው። መሰላሉን ይዤላቸው ወጡ፣ አዩ፣ ምንም ሳይናገሩ ወረዱ። ቁጭ ብለው ትንሽ ከቆዩ በኋላ «ልጆቹ እኮ ከሥሩ ነው የሚተኙት» አሉኝ።

የብሬከሩን ነገር ከሁሉ አጥብቄ ነው የምነግርሽ፣ ምክንያቱም ያ ሰውዬ ነገ መጥቶ ሊለውጥላችሁ ይችላል። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፤ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ የተሸሸገውን ሽቦ ነው። መጠኑም የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው፤ ውፍረቱ የሚቆጠረው በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 1.5 ለሚባለው ሽቦ 10፣ ቢበዛ 16 አምፔር፤ ለ2.5 ሽቦ 16 ወይም 20፤ ለ4 ሽቦ 25፤ ለ6 ሽቦ 32። ባለ 40 ብሬከር ለመግጠም 10 የሆነ ሽቦ ያስፈልጋል። የእናንተ አሮጌ መስመር 1.5 ቢሆን እንኳን አሁን ያለው 20 ራሱ በዝቶበታል። 40 ከተገጠመ በኋላ ብሬከሩ መውረዱን ያቆማል፣ እናንተም ተገላገልን ትላላችሁ፣ ሽቦው ግን እስኪቀልጥ ድረስ የሚያስቆመው የለም። ድሮ በሸክላው ፊውዝ ላይ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥሙ የነበሩት ሰዎች ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ብሬከሩ ሲወርድ የነበረው እናንተን ለማስቸገር አይደለም፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ብቸኛው ዘበኛ እርሱ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ። ጂፕሰሙ ይቆይ፤ ቀለሙም ይቆይ። ጂፕሰም ካሠራችሁ በኋላ መስመር ለማስለወጥ ያንኑ ጂፕሰም መስበር ነው። አሮጌው ኮርኒስ ግን ዛሬም ያለ ወጪ ይገለጣል፤ እንዲህ ያለ ምቹ ጊዜ በቤቱ ዕድሜ ተመልሶ አይመጣም። ሙሉውን ባንድ ጊዜ ማሠራት ካልቻላችሁ በሁለት ዙር ይሠራ፤ ዙሩ ግን ከሳሎን አይጀምርም፣ ከቆጣሪው ነው የሚጀምረው።

በመጀመሪያው ዙር ከቆጣሪው ቀጥሎ ብዙ ብሬከር የሚይዝ አንድ ሳጥን ይሰቀል። እዚያ ውስጥ ዋና ማጥፊያ፣ አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ፣ ከዚያ ለምጣድ፣ ለሶኬት፣ ለመብራት የየራሳቸው ብሬከር ይግቡ። አርሲዲውን አትለፊው። የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ከረንት በሚያመጣው ሽቦ፣ በፌዝ፣ የሄደው በመመለሻው ሽቦ፣ በኒውትራል፣ መመለሱን ይቆጥራል። 30 ሚሊ አምፔር እንኳን ቢጎድል፣ ያ የጎደለው በሰው ገላ በኩል እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል በሴኮንድ ክፋይ ይቆርጠዋል። ስትገዙ ሳጥኑ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል መኖሩን እዩ፤ 300 የሚለው ለእሳት እንጂ ለሰው አይሆንም። አሮጌው መስመር እስካለ ድረስ አርሲዲው ደጋግሞ ሊወርድ ይችላል፤ ብዙ ቤት ውስጥ «ተበላሸ» ተብሎ የሚነቀለው በዚህ ጊዜ ነው። አልተበላሸም። የሚፈስ ቦታ እንዳለ እየተናገረ ነው።

ኧርዙ በዚያው ዙር ይገባል። መዳብ የለበሰ ዘንግ፣ ከሜትር ተኩል ያላነሰ፣ ጓሮ እርጥበት የሚቆይበት ቦታ ላይ ይቀበራል፤ ከእርሱ ባለ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወደ ሳጥኑ፣ ከዚያ ወደ ምጣዱ ክፈፍና ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ይሄዳል። «የውሃ ቧንቧ ላይ እናስረዋለን» የሚል ሠራተኛ ከመጣ አትስማሙ። ድሮ ቧንቧው ሁሉ ብረት በነበረበት ዘመን ያስኬድ ነበር፤ ዛሬ ከደጅ ያለው መስመር ፕላስቲክ ከሆነ መሬት የሚባል ነገር የለውም፣ ይልቁንም የገላ መታጠቢያውን ቧንቧ ሁሉ የሚነዝር ታደርጉታላችሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ጨው መጨመርም ይወዳሉ፤ ጨው ዘንጉን ይበላዋል።

ምጣዱ ከሳጥኑ ተነሥቶ እርሱ ዘንድ ብቻ የሚደርስ 4 የሆነ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ባለ 20 ወይም ባለ 25 ብሬከር። በሶኬትና በስፒና አይሁን። ግድግዳ ላይ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ማጥፊያ ይገጠምና ምጣዱ በቀጥታ ይታሰር፤ ማጥፊያውም ሊጥ ከሚረጭበት ራቅ ብሎ፣ አንቺ ምጣዱን ተሻግረሽ ሳትዘረጊ የምትደርሽበት ቦታ ይሁን። ይህ ሲያልቅ እንደገና መጋገር ትችያለሽ። በሁለተኛው ዙር ሶኬቶቹ በ2.5፣ አምፖሎቹ በ1.5 ይለወጣሉ፤ እርሱ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ ግድ የለም። አሮጌው መስመር ግን በተለወጠ ቁጥር ከሳጥኑ ተቆርጦ ይውጣ እንጂ «ለመጠባበቂያ» ተብሎ ከረንት ይዞ አይቅር።

የጭቃ ግድግዳ ነው ብለሻልና አንድ ነገር ልጨምር። ሽቦውን ለመቅበር ግድግዳውን አታስቦርቡሩ። ጭቃው ይላላል፣ ጭዱ ይወጣል፣ ምርጊቱ ተመልሶ አይያዝም። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ወይም በቻናል ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ላይ ይሂድ። ለዓይን ያን ያህል አያምርም፤ ባለቤትሽም ቅር ሊለው ይችላል። ግን ርካሽ ነው፣ ነገ ችግር ቢመጣ ተከፍቶ ይታያል፣ ምስማር ስትመቱም መስመሩ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ኮርኒስ ውስጥም ሽቦው በጠንካራ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ወራጁ ላይ ይታሰር፤ አይጥ ላስቲክ መብላት ትወዳለች፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ አይጥ አይጠፋም።

ዕቃውን መርካቶ ራሳችሁ ሄዳችሁ ግዙት፤ ሠራተኛው ዝርዝሩን ይስጣችሁ። ገበያው ላይ ከውጭ መዳብ የሚመስል ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። የጫፉን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጊው፤ ነጭ ከታየሽ አትግዢ። ውፍረቱ ከተጻፈበት ያነሰም አለ። ለዚህ ሚዛን ይረዳሻል፤ 100 ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ መዳቡ ብቻ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ላስቲኩ ተጨምሮበት ከዚያ ይበልጣል። ጥቅሉ በሙሉ 2 ኪሎ የማይሞላ ከሆነ ወይ ሜትሩ ጎድሏል፣ ወይ መዳቡ ቀጥኗል።

ሠራተኛውን በተመለከተ፣ የመጣው ሰው ሽቦውን ሳያይ፣ ኮርኒስ ውስጥ አንገቱን ሳያስገባ «በ40 ቀይሩት» ብሏል። ሌላ ፈልጉ። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ሜገር የሚባለው መለኪያ እንዳለው ጠይቁት። በቴስተር ብቻ የሚሠራ ሰው ከረንት መኖሩን ይነግርሻል እንጂ የሽቦው ልብስ መበላሸቱን አይነግርሽም፤ ሜገር ግን 500 ቮልት ልኮ ይፈትነዋል፣ ከ1 ሜጋኦህም በታች ያወጣ መስመር አይታለፍም። ሥራው ሲያልቅ በዚሁ መለኪያ እያንዳንዱን መስመር ፊት ለፊታችሁ ለክቶ በወረቀት ይስጣችሁ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን። የሽቦ ቀለም አይቶ «ይኸ ፌዝ ነው» ብሎ የሚነካውንም ተጠንቀቁት፤ በአሮጌ ቤት ውስጥ ቀዩም ጥቁሩም የዘመኑንና የሠራተኛውን ፈቃድ ነው የሚከተለው። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ስለሆነ የቆጣሪውን እሽግ ማንም እንዳይከፍት። አምፖሉ መደብዘዙ ቀርቶ ከወትሮው ይልቅ ቦግ ብሎ ከደመቀ ግን ኒውትራሉ ላልቷል ማለት ስለሚሆን ወዲያው ዋናውን አውርደሽ 905 ደውዪ፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ነው የሚቃጠለው።

አንድ ሁለት ነገር ጓሮ ወጥተሽ እዪልኝ። ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት የሚሄደው ሽቦ በምን ላይ ነው የተንጠለጠለው? በብዙ አሮጌ ግቢ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጋር ታስሮ ነው የማገኘው። የሽቦው ልብስ አንድ ቦታ ሲላላጥ የልብስ ማስጫው በሙሉ ከረንት ይይዛል፤ እርጥብ አንሶላ የያዘች ሴት ደግሞ በሁለት እጇ ነው የምትነካው። እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ ልብስ ማስጣት አቁሙ። ሁለተኛው፣ ዋናውን ብሬከር ስታወርጂ የጎረቤት መብራት አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ተመልከቺ። ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰ በኋላ በአንድ ግቢ የነበሩ ቤቶች ለየብቻ ሲከፋፈሉ ቆጣሪው ሳይከፋፈል የቀረባቸው ብዙ ናቸው። ጥገኛ መስመር ከቆጣሪያችሁ ወጥቶ ካለ ጭነቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥታችሁ በሰላም የሚለያይበትን ተነጋገሩ። ቆጣሪው በሻጩ ስም ከሆነም ስም ማዞሩን አታቆዩት፤ የሚቀረውን ውዝፍ ሂሳብ እንዲከፍሉ ሻጩን የምትይዟቸው አሁን ነው።

አጎትየውን ባለቤትሽ አይቃወማቸው። መቃወም አያስፈልግም። አዲሱ ሠራተኛ ኮርኒሱን በሚከፍትበት ቀን ይጥሯቸው፤ «እርስዎ ድሮ ያዩት ነውና መጥተው ያሳዩን» ይበላቸው። የጠቆረው ሶኬት ሲፈታ ጀርባውን ይዩት፤ ሽቦውን ሠራተኛው ከረንቱን ዘግቶ በእጃቸው ያስይዛቸው። የዚያ ዘመን ሥራ ማማሩንም ይንገሯችሁ፤ ከሸክላ ጉብጉቦቹ አንዱን አስቀምጡላቸው። የየካው ሽማግሌ መሰላል ላይ ሳያዩ ቢቀሩ እኔ በቃል አላሳምናቸውም ነበር።

ልጆቹን ስለማሳደር ላልሽው፣ ምጣዱ ከተነቀለ፣ ስቶቭና የውሃ ማሞቂያ ካልተሰካ፣ ለጥቂት ሳምንት ማሳደር ትችያለሽ። አምፖሎቹን ኤልኢዲ አድርጊያቸው፤ የመብራቱ ጭነት ያኔ በ1952 ከነበረው እንኳን ያነሰ ይሆናል። የልጆቹን አልጋ ከሶኬት ግድግዳ አርቂ፤ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ አትሰኩ፤ ስልክ አልጋ ላይ ቻርጅ አይደረግ። ማታ ስትተኙ ዋናውን ብሬከር አውርዱት። ፍሪጁ ሳይከፈት ካደረ ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ለእነዚህ ሳምንታት ሥጋ አታከማቹበት። ትራስሽ አጠገብ ባትሪ ይኑር። ሌሊት የላስቲክ ሽታ ከመጣ መጀመሪያ ልጆቹን አውጪ፣ ብሬከሩ ወርዶ መሆኑን አረጋግጪ፣ ውሃ አትድፊበት፣ 939 ደውዪ። ኮርኒሱ ተከፍቶ ሽቦው ከልጆቹ ክፍል በላይ እርቃኑን ከተገኘ ግን አንድ ሌሊትም አይደሩ፤ መስመሩ እስኪቆረጥ ዘመድ ቤት ይሁኑ።

ሶኬቱ የተፈታ ቀን ጀርባውን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። የሽቦውንም ውፍረት አይቼ የቱን ብሬከር እንደሚፈልግ እነግርሻለሁ።